የአበባ ጎመን ካርቶን

አምስተኛ ክፍል እያለሁ፣ በፈረንጆቹ 2012 መሆኑ ነው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ጎረቤታችን እትዬ ኪርስቲ ቤት ነበር። በስደት በገባንባት በዌሪቢ ከተማ የምንኖርበት መንገድ አጭር ነው፤ እኛንና እሳቸውን የሚለየን አንድ የእንጨት አጥር ብቻ ነበር። እማዬ አትክልት የሚታሸግበት መጋዘን ትሠራለች። ሺፍቷ አልቆ እስክትመጣ እሳቸው ጋ እቆያለሁ። በሩን ስከፍት ቅቤና ሄል የገባበት ትኩስ ዳቦ ይሸተኛል። ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፤ እሳቸውም ቤት እንደ እኛው በጫማ አይገባም።

እትዬ ኪርስቲ ፊንላንዳዊት ናቸው፤ ያኔ ሰባ አምስት አልፏቸዋል። ሰፈሩ ሁሉ በስማቸው ብቻ ሲጠራቸው እማዬ አይሆንም ብላ "እትዬ" የሚለውን ጨመረችላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ትንሽ ፈገግ ብለው ተቀበሉት።

እኔ ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ልጅ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ ጉንጬን ይዘው "ይቺ ልጅ አፍ የላትም እንዴ?" ይላሉ፣ እማዬ በእኔ ፈንታ ታፍራለች። እትዬ ኪርስቲ ግን ለምን ዝም አልሽ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። እሳቸው የሱፍ ካልሲ ሲሠሩ እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳንነጋገር እንቀመጣለን። በእነሱ አገር ዝም ያለ ሰው ታመመ ወይም ተቆጣ አይባልም አሉኝ።

ፊንላንድን ያወቅኋት በቁራጭ በቁራጭ ነው። አንድ ነገር ይናገሩና ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። በክረምት ፀሐይ እምብዛም የማትታይባት፣ በበጋ ደግሞ አልጠልቅም የምትልባት አገር ናት። መጀመሪያ ስዊድኖች፣ ቀጥሎ ሩሲያኖች ገዝተዋታል። ሴቶቿ ከብዙ አገር ሴቶች ቀድመው የመምረጥ መብት አግኝተዋል፤ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ቤት ምሳ በነፃ ይበላል። እትዬ ኪርስቲ የተወለዱት ሳውና በሚሉት የእንጨት መታጠቢያ ቤት ነው፤ ያኔ ከቤቱ ሁሉ ሞቃቱና ንጹሑ እሱ ስለነበር። ገና ሕፃን ሳሉ ጦርነት መጣ፤ መንደራቸውም ለጠላት ተሰጠ። አባታቸው ላሟን ከጋሪው ኋላ አስረው ቤተሰቡን ይዘው ወጡ። በሄዱበት የተቀበሏቸው ገበሬዎች ከመሬታቸው ቆርሰው ሰጧቸው። እኛም በሱዳን በኩል ስለመጣን፣ ይህን ሲነግሩኝ የእኛን ታሪክ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ትምህርቴን ብዙም አልገፋሁም፤ ስለ ሌላ አገር አውቃለሁ የምለው ቢኖር ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት እማዬ አረገዘች። ሆዷ መታየት ሲጀምር እትዬ ኪርስቲ ስለ ካርቶኑ ነገሩኝ። ድሮ በአገራቸው ብዙ ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ስለዚህ መንግሥት፣ ሐኪም ዘንድ ቀርባ ለታየች ነፍሰ ጡር የልጅ ልብስና ትንሽ ፍራሽ ያለበት ካርቶን መስጠት ጀመረ። መጀመሪያ ለድሆች ነበር፤ በኋላ ማንም እንዳያፍር ለሁሉም ሆነ። ሕፃኑም እዚያው ካርቶን ውስጥ ይተኛል። የሚኒስትሩም የገበሬውም ልጅ፣ የእሳቸውም ሁለት ልጆች እንደዚያው ተኝተዋል።

አንድ ቅዳሜ ካርቶን ታቅፈው መጡ። ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጠው "ለሕፃኑ አልጋ" ብቻ አሉና ሄዱ። እማዬ ከፈተችው። ነጭ ፍራሽ፣ ፎጣ፣ አራት ጥንድ ካልሲ። ዞር ስታደርገው ጎኑ ላይ የአበባ ጎመን ሥዕል አለ፤ እሷ ራሷ መጋዘን ስትሞላው የምትውለው ካርቶን ነበር።

"ቀኑን ሙሉ ይኼን ስደረድር መዋሌ አንሶኝ ልጄን ላስተኛበት?" አለች።

ልትስቅ የደረሰች መስሎኝ ነበር። ከሥር አንዲት ትንሽ የሕፃን ቆብ ስታወጣ ግን ፊቷ ተለወጠ። ካርቱም ሳለን፣ እኔ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ልብሱ አስቀድሞ ተገዝቶለት የተወለደ ወንድም ነበረኝ፤ የቆየው ዘጠኝ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እማዬ ያልተወለደ ልጅ ልብስ ማየት አትችልም። ቆቡን መልሳ ከተተችና ወስደሽ መልሺ አለችኝ።

ብመልሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እትዬ ኪርስቲ አንዴ ነው የሚጠይቁት። መጀመሪያ የተዋወቅን ሰሞን እማዬ እየራባት፣ በይሉኝታ "አይ፣ በልቻለሁ" ብትላቸው እሺ ብለው ሳህኑን አንስተውባታል፤ ወር ሙሉ አውርታዋለች። ይህንንም እንቢ ካልናቸው እንቢ ነው ብለው ይይዙታል፤ ሁለተኛ በራችንን አያንኳኩም።

ካርቶኑን ይዤ በሩ ጋ ደረስኩ። መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"እማዬ፣ እነሱም ሕፃናት እየሞቱባቸው ነው የጀመሩት።"

ከዚያ የማውቀውን ሁሉ፣ ሐኪሙን፣ ድሆቹን፣ የሚኒስትሩን ልጅ፣ ላሟን ሳይቀር ትንፋሽ ሳልወስድ ነገርኳት። እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ለካ አፍ አለሽ" አለችኝ። ቀጥላም "እስክወልድ እዚህ ቤት አያድርም። እሳቸው ጋ ይቀመጥልኝ ብላለች በያቸው። መለሰችው እንዳትዪ፤ ይቀመጥልኝ" አለች።

እንዳለችኝ ነገርኳቸው። እትዬ ኪርስቲ ፊቴን አዩ፣ "ጥሩ" አሉ፣ ወስደውም የገዛ አልጋቸው ላይ አስቀመጡት። ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

ወንድሜ በብርዱ ወር ተወለደ። አራት ወር ሙሉ ካርቶኑ ውስጥ ተኛ፤ እማዬ የጎመኑን ሥዕል ወደ ግድግዳ አዙራው ነበር።

እትዬ ኪርስቲ ካረፉ ቆዩ። እኛም ዋይንድሃም ቬል የሚባል ሰፈር ገብተናል። ቤቱ አዲስና ሰፊ ነው፤ ጎረቤቶቻችንን ግን የማውቃቸው ጋራዣቸው ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው። ጫማዬን አውልቄ ዘው የምልበት ቤት የለም። እማዬ ግን የምታውቃት ሴት ባረገዘች ቁጥር ከመጋዘኑ አንድ ጠንካራ ካርቶን ይዛ ትመጣለች። የልጅ ልብስና ፍራሽ ትሞላዋለች፤ ሕፃኑ እስኪወለድ ድረስ እኔ ክፍል ይቀመጣል፤ ለነፍሰ ጡሯ አይነገራትም። ያኔ ፍርሃቱ እጇን ያስረው ነበር። አሁንም ትፈራለች፤ ግን እየፈራች ካልሲ ትሠራለች።