ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ

የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ዕጢ መዝገብ የሚሞላው ሰውዬ እስክሪብቶውን ሳይቀር በክር ከጠረጴዛው ጋር ያሰረ ጥንቁቅ ነው። ሸሚዙን ግን አንድ ቁልፍ ዘሎ ቆልፎታል። ወንድሜን ደግፌ ፊት ለፊቱ ስቀመጥ፣ የራስ ምታት ክኒን ያለ ውሃ ዋጠና የወንድሜን ዕድሜ፣ ሥራና አድራሻ ጠይቆ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«የራስ ምታቱ ጠዋት ጠዋት ነበር የሚብስበት?»

«አዎ፣ ገና ሲነጋ።»

«ያስመልሰዋል?»

«ያስመልሰዋል።»

ምንም አልጻፈም። ቅጹን አጮልቄ አየሁት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለበትም።

«ከጀመረው ስንት ወሩ ነው?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስምንት። ድካም ነው እያልን ቆየን።»

«እዚህ መዝገብ ላይ ያለው ሁሉ እንደዚያ ሲል ነው የቆየው፣ እህቴ።»

«ስምንት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ መዝገቡ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረ። ስድስተኛው ላይ ቆመ።

«የኔ ገና ስምንት አልሞላም» አለ፣ እኛን ሳያይ።