ትርፍ ገመድ

ቫንማቲ የነደፈችውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ስትፈታና ስትገጥም ሦስት ሳምንት አለፋት። በደቡብ ህንድ በኒልጊሪ ኮረብታ ስልሳ የቆርቆሮ ጎጆዎች አሉ። ከሰማይ የሚወርደው የጨረር ዶፍ ሲመታቸው እያንዳንዳቸው በገመድ ምልክት ይልካሉ። ብዙዎቹ ባንድ ቅጽበት ከላኩ ቦርዱ "መዝግብ" ይላል፤ አለዚያ ዝም። ዱሮ በሰዓት ሺህ ጊዜ ይል ነበር፤ አሁን መቶ አይሞላም።

ኃላፊው ዶክተር ጋናፓቲ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሌላ ቦርድ ከውጭ እንደሚያዝዙ ነግረዋታል። የአራት ዓመት ልፋቷ መጋዘን ሊገባ ነው።

"ዛሬም ከሱው ጋር?" አላት ጎጆዎቹን የሚጠግነው ሃላን፣ ሻይ እያስቀመጠላት።

"ከሱው ጋር፣ አና" አለች፤ በቋንቋቸው ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው። "ሴት ከባሏ ጋር እንኳ እንዲህ አትነታረክም።"

"አንቺ ደግሞ ባል የት ታውቂያለሽ፣ አማ" አላት፣ እንደ እናት በአክብሮት ጠርቶ።

"መች ፋታ ሰጠኝ።"

ሐሙስ ጠዋት ቦርዱ ላይ የምትፈትሸው ነገር ቢያልቅባት ወደ መስኩ ወጣች። ከሰባተኛው ጎጆ ጀርባ ተሰቅሎ የነበረው የገመድ ጥቅልል የለም፤ ባዶ ሚስማር ብቻ። ስምንተኛውም እንደዚያው። ሃላንን ጠራችው።

"እዚህ ተንጠልጥሎ የነበረውስ?"

"ከሦስት ሳምንት በፊት እንግዶች ሊመጡ ነው፣ አጽዱ ተብለን የለ? የቅርቦቹን የአሥራ አንድ ጎጆ ቆረጥኩት። ትርፍ ነዋ።"

ሚስቱ ራሷን ሰቅላ ካረፈች ወዲህ የተንጠለጠለ ነገር ማየት አይሆንለትም። ቫንማቲ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ትርፍ አልነበረም፣ አና። የቅርቡም የሩቁም ገመድ እኩል መርዘም አለበት። ካጠረ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል፤ ቦርዱም አብረው አልመጡም ብሎ ይጥለዋል።"

"ስንት ቢቀድም ነው?"

"ሴኮንድን አሥር ሚሊዮን ቦታ ብትከፍለው፣ አንዷን።"

"ለዚች ነው ሦስት ሳምንት እህል ያስጠላሽ?" አለ ሃላን።

በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

"ቦርዱ ጤነኛ ነው፣ ሰር። ገመድ ተቆርጦ ነው።"

"ማነው የቆረጠው?"

"አጽዱ ያለው ማን ነበር?"

ዶክተር ጋናፓቲ መነጽራቸውን አወለቁ። "የግዢው ትእዛዝ ዛሬ ጠዋት ሄዷል።"

"ዓርብ ብለውኝ ነበር እኮ።"

"ግዢውን የሚፈርመው ሰው ነገ የለም።"

"እንግዲያው ከትእዛዙ ላይ ቦርዱ ብልሹ ነው የሚለው ቃል ይውጣልኝ።"

"ማመልከቻ ጻፊ።"

ጻፈች። ከዚያ ከሃላን ጋር በሜትር እየለኩ፣ የጎደለውን ርዝመት ጎጆ በጎጆ መዘገቡ። ቦርዱ የአሥራ አንዱን ምልክት እንደየጉድለቱ አቆይቶ እንዲያሳልፍ አደረገችው። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ቁጥሩ በሰዓት ሺህ ሞላ። ውጤቱን በወረቀት ይዛ ኃላፊው ዘንድ ሄደች።

ዶክተር ጋናፓቲ ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ጥሩ ሥራ ነው" አሉ። "ከማመልከቻው ጋር አያይዢው።"

"ትእዛዙስ?"

"እሱማ ሄዷል።"

የወረቀት ማያያዣ ፍለጋ መሳቢያዋን ከፈተች። አንድም አልነበረም፤ መሳቢያውም ለእንግዶቹ ጸድቷል።