ቁልፉ ተቀይሯል

አናጢያችንን «ብሎን» የምንለው አንዴ ከጠበቀ ስለማይላላ ነው። እኔ የዚሁ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ አንድም ቀን በክርክር ረትቼው አላውቅም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ብሶበታል።

ድሮ ተከራይ የተበላሸበትን ነገር ለጥበቃው ይናገራል፣ ጥበቃው ግማሹን ይረሳል። በኋላ አስተዳዳሪው የሥራ ትዕዛዝ በስልክ ይሁን ብሎ መተግበሪያ ጫነልን። ብሎን ሳምንት ሙሉ ተነጫነጨ፤ ከዚያ ከሁላችንም ብሶ ሱሰኛ ሆነ። ሥራህን ስትጨርስ ፎቶ አንስተህ «ተጠናቋል» የሚለውን ትነካለህ፤ ካልነካህ ስምህ ቀይ ሆኖ ይውላል። ብሎን ስሙ ቀይ ሆኖ ከሚውል ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል።

አራተኛ ፎቅ ከምትኖረው ልብስ ሰፊ ቤት ትዕዛዝ ይበዛ ነበር። በር፣ የመታጠቢያ ቤት መስታወት፣ የግድግዳ ቀዳዳ፣ እንደገና በር። ሹፌሩ ባሏ «ንፋስ ነው» ይለናል፣ እኛም ጠግነን እንወርዳለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንድ ቀን ብሎን የዚያን ቤት የቆዩ ትዕዛዞች በስልኩ ሲያይ ደርቆ ቀረ። በሰባት ወር ዘጠኝ። የደፈነው ቀዳዳ በሴትዮዋ ጭንቅላት ቁመት ልክ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለው።

በማግስቱ ጠዋት ባልየው እንደወጣ ቤቷ ሄዶ ጠየቃት። የአንገት ልብሷን ገለጥ አድርጋ የጣት ምልክት አሳየችው። ወንድሟ ከሌላ ከተማ ሊወስዳት እየመጣ ነው፤ የሚደርሰው ግን ማታ ነው። እስከዚያ በሩ ባሏን ቢያቆምላት ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ያለ ትዕዛዝ ከዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ስለማይወጣ ብሎን ትዕዛዙን ራሱ ከፈተ። ጠንካራውን ቁልፍ መርጦ ገጠመላት። አዲሶቹን መክፈቻዎች ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ፎቶ አነሳና «ተጠናቋል» የሚለውን ነካ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ሥራ ሲጠናቀቅ መተግበሪያው ለተከራዩ መልእክት ይልካል፤ ቤቱ የተመዘገበው ደግሞ በባልየው ስም ነው።

አንድ ሰዓት አልሞላም። ሁለተኛ ፎቅ እየሠራን ብረት በእንጨት ላይ ሲያርፍ ሰማን፤ ከዚያ የእሷን ጩኸት። ብሎን ደረጃውን ሲወጣ ሃምሳ ስምንት ዓመቱን ረስቶት ነበር። ቁልፉ ፍንክች አላለም፤ በሩ ራሱ ነው ለሁለት የተሰነጠቀው። ባልየው ፀጉሯን በግራ እጁ ጠቅልሎ በቀኙ የጎማ መፍቻ ይዟል። ፊቷ ፊት አይመስልም። ልትሰፋው የዘረጋችው ነጭ ጨርቅ በደም ርሷል።

ብሎን መሣሪያ እንኳ ሳይዝ ዘሎ ተናነቀው። ብረቱ ቀኝ እጁ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። በግራው ያዘው፤ ባልየው ግራውንም ሰበረበት። በሁለቱም ክንዱ ወገቡን አቅፎ አልለቅም አለ፤ ጀርባውን ይቀጠቅጠዋል፣ እሱ አይለቅም። እኔስ? በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ፈራሁ፤ አልደብቅም። በኋላ ካውያዋን አንስቼ ባልየውን ጭንቅላቱን መታሁት፤ ወደቀ። ከወደቀ በኋላም ደገምኩት። የመጀመሪያው ለእነሱ ነበር፣ ሁለተኛው ለገዛ ንዴቴ።

ፖሊስ ባልየውን ጭንቅላቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ወሰደው። በአምስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ተደግፋ ሆስፒታል መጣች። ብሎን ሁለት እጁ በጀሶ ታስሮ ተኝቷል። አምስቱን ቀን ሙሉ ለማንም ያልነገረውን፣ ከእኔ በቀር፣ ገና ሳትቀመጥ ነገራት።

«ልጄ፣ የጠቆምኩብሽ እኔ ነኝ» አላት። «ስልኩን ስነካ መልእክቱ ለእሱ ሄደ።»

ልብስ ሰፊዋ በተሰፋ ከንፈሯ ቀስ ብላ መለሰች።

«አውቃለሁ ጋሼ። ስልኩን እያሳየኝ ነው የመታኝ።»

ብሎን እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሱ እጅ ስላልነበረው ዕንባውን የጠረገችለት እሷ ናት።