በጫግኒ ገበያ አንድ ቀትር

ባለፈው እሁድ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «እማዬ፣ ይኼን ተመልከቺ» አለችኝ። አረንጓዴና ቀይ ሻማ የሚመስሉ ምልክቶች ተደርድረዋል። የገበያ ዋጋ የሚነበብባቸው ናቸው። ወፍራሙ አካል ዋጋው ከተከፈተበት እስከ ተዘጋበት ያለውን፣ ከላይና ከታች የወጣው ክር ደግሞ በቀኑ ውስጥ የደረሰበትን ጫፍ፣ ቀዩ ቀለም ዋጋው ወርዶ መዘጋቱን እንደሚያሳይ አስረዳችኝ። ከላዩ ረጅም ክር ባለው ቀይ ሻማ ላይ ጣቴን አሳርፌ «ይህቺ ቀን ቀትር ላይ አስጎምጅታ ማታ ያስለቀሰች ናት» አልኳት።

ልጄ ገረማት። «ማን አስተማረሽ?»

ያስተማሩኝ እትዬ እናኑ ናቸው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ በሞተ በዓመቱ እናቴ ከሁለት ላሞቿ አንዷን ሸጠች፤ «ነግደሽ ታናናሾችሽን አስተምሪ» ብላ ገንዘቡን መቀነቴ ላይ ቋጠረችልኝ። ከዳንግላ ተነስቼ፣ እንጅባራ ላይ ትኩስ ቅቅል ድንች በዳጣ በልቼ፣ በርበሬ ልገዛ ወደ ጫግኒ ወረድኩ። ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ የገበያ ቅዳሜ ነው። የደጋው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ መንገዱ ቁልቁል በሄደ ቁጥር ግን ሙቀቱ እየበረታ ጋቢዬን አስወለቀኝ። ገበያው ሳልደርስ የበርበሬው ሽታ አስነጠሰኝ።

ጠዋት ዋጋው ደህና ነበር። እኔ እያመነታሁ ስዞር፣ ረፋዱ ላይ ከሩቅ አገር የመጡ ሁለት ነጋዴዎች እየተሻሙ ይገዙ ጀመር፤ ዋጋው ሽቅብ ወጣ። ቀትር ላይ፣ አሁን ካልገዛሁ አመለጠኝ ብዬ ወደ እትዬ እናኑ ሮጥኩ። የእናቴ የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ አራት ጆንያ በርበሬ ይዘው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ በተባለው ዋጋ ሁሉንም ይስጡኝ።»

«ገንዘቡ የማን ነው?»

«እማዬ ላሟን ሸጣ ነው የሰጠችኝ።»

መቀነቴ ላይ ያለውን ቋጠሮ አዩ። ከዚያ ነጋዴዎቹ እንዳይሰሟቸው ወደ አዊኛ ዞረው «አልሸጥልሽም» አሉኝ።

የናቁኝ መስሎኝ እንባዬ መጣ። እሳቸው ከሰል አንስተው ከኋላቸው ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ መስመር አሰመሩ።

«ጠዋት እዚህ ተከፈተ። አሁን እዚህ ላይ ወጥቷል። ያወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መኪናቸው ሲሞላ ይሄዳሉ። የቆላው በርበሬ ገና በአህያ እየመጣ ነው። የት ላይ እንደሚዘጋ ሳታዪ መቀነትሽን እንዳትፈቺ።»

እኔን ሲያባብሉ፣ እሳቸውም ሳይሸጡላቸው የነጋዴዎቹ መኪና ሞልቶ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አህዮቹ ጭነታቸውን ይዘው ገቡ፤ ዋጋው ከጠዋቱም በታች ወረደ። የእትዬ እናኑን አራት ጆንያ የገዛሁት ያኔ ነው።

«ከሰሩ እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው አፍሬ።

«እኔ ሌላ ቅዳሜ አለኝ» አሉ ጆንያውን እያሰሩልኝ። «እናትሽ ግን ሌላ ላም የላትም።»

በርበሬው ዳንግላ ላይ ደህና ዋጋ አወጣልኝ፤ ታናናሾቼም በንግዴ ተማሩ። እትዬ እናኑ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሁልጊዜ አይሳካላቸውም ነበር፤ ገበያ ብዙ ጊዜ አሞኝቷቸዋል። ልጄም ሻማዎቹ የነገን እንደማይናገሩ ነግራኛለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በንግድ ዕድሜዬ ስንቱ እያቆላመጠ ሸጦልኛል። በእጄ ያለውን ገንዘብ እያዩ አልሸጥልሽም ያሉኝ ግን አንድ እሳቸው ብቻ ናቸው።