ለቅሶ የተቀመጥንለት ፈረንጅ

የሞተ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ አይቻለሁ። ቡታጅራ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ... የገበያ ቀን ረፋድ ላይ።

ያኔ ከጎጃም ተመድቤ የሄድኩ ወጣት የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ልቀበል ቆሜያለሁ። አውቶቡሱ አቧራውን ለብሶ ደረሰ። ሰው ወረደ፣ ዶሮ ወረደ፣ ጆንያ ወረደ... ዘመዴ የለም። መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ፈረንጅ በሩ እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ ወረደ።

ፊልጶስ ነው።

ትክክለኛ ስሙ ፊሊፕ ነው፤ ፊልጶስ ያለው ከተማው ነው። አሜሪካዊ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ አገሩ ገባ። ከዚያ ዓመት ሳይሞላው መሞቱ ተሰማ። ወልቂጤ የሚያስተምር ሌላ ፈረንጅ በቡታጅራ ሲያልፍ፣ ፊልጶስን ያከራዩት ለነበሩት ለእትዬ በላይነሽ በአፉ ነገራቸው ተባለ።

እትዬ በላይነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ፊልጶስ ተስቦ ይዞት የተረፈው በእሳቸው እጅ ነው። እሱም «እማዬ» ነበር የሚላቸው። እና ድንኳን ተተከለ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተቀመጠ። ቄሱ ክርስትና ስሙን ሲጠይቁ እትዬ በላይነሽ «እናንተ ፊልጶስ በሉት፣ እግዜር ያውቀዋል» ብለው መለሱ አሉ። በአርባው ነዳያን አበሉ። እኔም በልቻለሁ።

ያ ሰው ነው እንግዲህ ሻንጣውን አስቀምጦ ያቀፈኝ።

«ምነው ትንቀጠቀጣለህ? ወባ ነው?» አለኝ። አማርኛው እንደ ድሮው ጉራጌኛ ጉራጌኛ ይላል።

«ትንሽ አሞኛል» አልኩት። ምን ልበለው? ሰውን ሞተሃል ብሎ መንገር እንዴት ይጀመራል?

ሻንጣውን ተጋግዘን በገበያው መሃል አለፍን። ሰው ሁሉ እያየ ወደ ጎን ይሸሻል። ድንች የምትሸጥ ሴት አማተበች። ልብስ ሰፊው ሱልጣን፣ የልብ ጓደኛው የነበረው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይሰፋል። ፊልጶስ «አሰላሙ አለይኩም» አለው። ሱልጣን ቀና አለ... እግሩ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ቆመ። «ወአለይኩም ሰላም» አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አንተም ይታይሃል?» አለኝ።

«ይታየኛል።»

ፊልጶስ ፊቱ ጠቆረ። «ሰው ሁሉ ጠልቶኛል» አለኝ መንገድ ላይ። «ስሄድ ምን አጠፋሁ? ይህን አገር ለማየት ስንት ጊዜ ለፍቼ መጣሁ...» እየሰማሁ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን የእትዬ በላይነሽ አጥር ደረስን።

እሳቸው ጓሮ እንሰት ሥር ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ። ፊልጶስ ይህን ሲያይ የራሱን ቅሬታ ረሳው። ባርኔጣውን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ፣ ድሮ እሳቸው እንዳስተማሩት አድርጎ፣

«እማዬ፣ እግዜር ያጥናሽ» አላቸው። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

ቀና አሉ። ብዙ አዩት።

«አንተ» አሉት።

እኔ የእንሰቱን ግንድ ይዤ ቆሜያለሁ። እሳቸው አልጮሁም፣ አልሮጡም። በጭቃ እጃቸው ክንዱን ያዝ አድርገው ጨመቁት። ከዚያ እየጎተቱ ቤት አስገቡት፣ አስቀመጡት፣ ቆጮና ጎመን አቀረቡለት። «ብላ» አሉት። ሲበላ ጉሮሮውን ያያሉ። መንፈስ አይውጥም ብለው ይሆናል። ሦስት አራት ጊዜ ሲጎርስ ካዩ በኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ለቅሶው ላይ እንኳ እንዲያ ሲያለቅሱ አላየሁም።

«ሞተ ያለሽ ማነው?» አላቸው፣ እሱም እያለቀሰ።

«ያ የወልቂጤው ጓደኛህ። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት፣ ፊልጶስ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ እናቱ ቤት ገብቶ አርፏል አለኝ። መኪናው ሄደ። እኔ እዚያው ወደቅሁ።»

ፊልጶስ እንባውን ጠረገ። «እሱ የሚያውቀው አረፈ ማለት ድካሙ ወጣለት ማለት እንደሆነ ብቻ ነው» አለ። «እውነቱን ነው፣ እማዬ። እናቴ ቤት ገብቼ ወር ሙሉ ተኝቼ ነበር። አርፌያለሁ።»

እትዬ በላይነሽ በእንባቸው መሃል ሳቁ። «እኔ እዚህ ደረቴን ስመታ አንተ ትተኛለህ» አሉት።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ሞላ። ያኔ ለቅሶ የተቀመጠው ሁሉ መጣ፤ አንዳንዱ ሊነካው ነው የመጣው። የዕድሩ ዳኛ ሐዘኑ ዛሬ ይውጣ አሉ። ሱልጣን ከሱቁ ነጭ ነጠላ ይዞ መጥቶ ለፊልጶስ ሰጠው። የእትዬ በላይነሽን ጥቁር ሻሽ ያወለቀላቸው፣ ነጠላውን ያለበሳቸው፣ ራሱ ሟቹ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሱልጣን አጠገቡ ተቀምጦ እስኪመሽ ክንዱን አልለቀቀም።

ሳምንት ቆየ። ትምህርት ቤት መጣ፣ ገበያ ወጣ፣ ከሱልጣን ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዋለ። እትዬ በላይነሽ ግን ሌሊት እየተነሱ መተንፈሱን ያዳምጡ እንደነበር ኋላ ነግረውኛል።

ሊሄድ ሲል አውቶቡሱ ድረስ ሸኘነው። እሳቸው ጉንጩን ሳሙት፣ ኮሌታውን አስተካከሉለት።

«ስማ» አሉት፣ «ከእንግዲህ ስትሞት ራስህ መጥተህ ንገረኝ። በሰው አፍ አላምንም።»

«እሺ እማዬ» አለ... ቀልድ አላስመሰለውም።