ገንዘብ የተሰፋበት ምንጣፍ

ኡናይሲ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያንጎና የምትተክለው ብቻዋን ነው። ዳገት ላይ ያለው መሬቷ ጥቁርና ለም ስለሆነ፣ ሥሩ በአምስተኛው ዓመት ሲነቀል የጎረምሳ ክንድ ያህላል። ድሮ ያንጎና ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ለእንግዳና ለሐዘንተኛ ከመቅረብ ያለፈ ብዙ ዋጋ አልነበረውም። ኋላ ግን ዋጋው ጣራ ነካ። ከዋና ከተማው ከሱቫ ነጋዴዎች በጀልባ ወደ ደሴቱ እየመጡ «አለሽ ወይ? አለህ ወይ?» እያሉ በየመንደሩ ይዞሩ ጀመር። ኡናይሲም ዕድሜዋን ሙሉ ስትቸገር ኖራ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ገንዘብ ያዘች።

ችግሯም ያኔ ጀመረ።

በመንደሯ በናሳሌ ገንዘብ ያለው ሰው ሌባ አይፈራም። በር የሚዘጋው አሳማ እንዳይገባ ብቻ ነው። የሚፈራው ዘመድ ነው። ዘመድ መጥቶ ፊትህ ቁጭ ካለና «ኬሬኬሬ» ካለ፣ ድስት ቢሆን ድስት፣ ሸሚዝ ቢሆን ሸሚዝ፣ አውጥተህ ትሰጣለህ እንጂ እምቢ ማለት የለም። እምቢ ያለ ሰው ነውሩ ከልጅ ልጁ ይደርሳል። «የለኝም» ማለት ይቻላል፤ ግን ነገሩ የሌለ መሆን አለበት፣ ቢያንስ ቢያንስ የማይታይ።

የባሏ ታናሽ ወንድም አፒሳይ ደግሞ በልመና የሚስተካከለው አልነበረም። አንድም ቀን በቀጥታ ጠይቆ አያውቅም።

«እትዬ፣ ዳገት ላይ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይላል ደጃፏ ላይ ተቀምጦ።

«ዘነበ።»

«ተመስገን ነው! እንዲህ ሲዘንብ ዓሣው ይወጣል። አየሽ፣ ዓሣው አለ፣ ጀልባው አለ፣ ሞተሩም አለ...»

«ቤንዚኑ የለም በለኛ!»

«አንቺ እኮ ሰው ሳይናገር የልቡን ታውቂያለሽ!»

ባንክ እንዳትሄድ ደግሞ ከባንክ ጋር የቆየ ቂም ነበራት። ባሏ በሕይወት እያለ፣ በደሴቱ ከተማ ባለው ባንክ ትንሽ ገንዘብ አስቀምጠው ነበር። በዓመቱ ሲሄዱ ገንዘቡ ጎድሎ ጠበቃቸው።

«ማን ወሰደው?» ብላ ጠየቀች ኡናይሲ።

«የአገልግሎት ክፍያ ነው» አላት መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው።

«ምን አገለገልከኝ?»

«ገንዘባችሁን ጠበቅንላችሁ።»

«እኔም የሰው አሳማ ጠብቄ አውቃለሁ። ጆሮውን ቆርጬ ግን አልበላሁም!»

የቀረውን አውጥታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባንኩ ሕንፃ ባለበት መንገድ ስታልፍ እንኳ ፊቷን ወደ ባሕሩ ታዞራለች።

ስለዚህ ገንዘቡ ቤት ቀረ። መጀመሪያ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጋ ማድ ቤት ውስጥ ቀበረችው፤ እርጥበት ገብቶ ሻገተ። ብሩን አንድ በአንድ አጥባ፣ ቤት ውስጥ በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አስጥታ ሳለ፣ ከውጭ «እትዬ፣ አለሽ?» የሚል የአፒሳይ ድምፅ መጣ። ያላትን ቀሚስና አንሶላ በሙሉ በገመዱ ላይ ወረወረች። አፒሳይ ገብቶ ዙሪያውን አየና «ምነው፣ ፀሐይ እያለ ልብስ ቤት ውስጥ ታሰጫለሽ?» አላት። «ፀሐይ ቀለሙን ይጨርሰዋል» አለች። ቀሚሶቹ ቀለማቸው ካለቀ አሥር ዓመታቸው ነበር። ቀጥሎ በሩዝ ጆንያ ውስጥ ደበቀችው፤ አይጥ ቀመሰላት።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣላት። የናሳሌ ሴት ሀብቷ ምንጣፍ ነው፤ አልጋዋ ላይ ደራርባ ትከምረዋለች፣ ከላዩ ትተኛበታለች። ኡናይሲ አንድ ወር ሙሉ ቁጭ ብላ ሰሌን ታታች። ባለ ሁለት ድርብ ትልቅ ምንጣፍ ሠራችና ገንዘቧን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በሁለቱ ድርቦች መሐል አስገብታ፣ ዙሪያውን ሰፋችው። ጠርዙን በቀይና በቢጫ ሱፍ አስጌጠችው። ከክምሩ መሐል ከትታ ከላይ ተኛችበት። ባሏ የሞተባት ሴት የምትተኛበትን ምንጣፍ ማን ይለምናታል? ሁለት ዓመት በሰላም አንቀላፋች። እንዲያውም ቤቷን በብሎኬት ገንብታ በአዲስ ቆርቆሮ ልትከድነው በልቧ ታቅድ ጀመር።

አንድ ጊዜ ጥርሷን አመማትና ለመነቀል በመርከብ ሱቫ ሄደች። በአራተኛው ቀን ጉንጯ እንደ ፓፓያ አብጦ ስትመለስ፣ የአፒሳይ ሚስት ሊቲያ ከባሕሩ ዳር ተቀበለቻት።

«እትዬ፣ ሳትሰሚ አትቀሪም፤ የማዶው ባላባት ራቱ ኤሞሲ አረፉ። ነገ ነው ቀብሩ። የጎሳችን ሴቶች ምንጣፍ ሲያዋጡ አንቺ የለሽም። ታዲያ ስምሽ ይጥፋ እንዴ? ገብቼ ካልጋሽ መርጬ አወጣሁልሽ።»

«የትኛውን?» አለች ኡናይሲ፤ አፏ ውስጥ ጥጥ ስላለ ድምፁ በደንብ አልወጣም።

«መሐል ላይ ያለውን፣ ባለ ቀይና ቢጫውን! ደግሞ አከባበዱ! ለሁለት ነው የተሸከምነው። ሴቶቹ ሁሉ ‹ኡናይሲ እንዲህ ትሠራለች እንዴ?› ብለው አፋቸውን ያዙ። ጎሳውን አኮራሽው!»

ኡናይሲ እዚያው አሸዋው ላይ ዘፍ አለች።

«ውይ በሞትኩት» አለች ሊቲያ ልቧ ተነክቶ፣ «ራቱን እንዲህ ትወጃቸው ነበር?»

በማግስቱ ጠዋት ኡናይሲ አፒሳይን ቀሰቀሰችው። ሳይጠይቃት ቤንዚን ገዝታ ሰጠችው። እንዲህ ያለ ነገር ከተወለደ ጀምሮ ገጥሞት ስለማያውቅ፣ ማዶ እስኪደርሱ ድረስ ሞተሩን እየነዳ ዘወር እያለ ያያት ነበር።

ምንጣፎቹ አስከሬኑ ባረፈበት ቤት ጥግ እስከ ደረት ተከምረዋል። የሷ ጠርዝ ከላይ አራተኛው ላይ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይታያል። ባህሉ ነውና፣ ለሐዘን የተሰጠ ምንጣፍ አይጠየቅም፤ ገሚሱ መቃብር ውስጥ ይነጠፋል፣ የቀረው ለቤተ ዘመድ ይከፋፈላል። ኡናይሲ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ዓይኗን ከክምሩ ሳትነቅል አለቀሰች። እንባዋ የእውነት ነበር።

ጥቂት ቆይቶ አራት ወንዶች ገቡና መቃብሩ ውስጥ የሚነጠፈውን ያነሱ ጀመር። አንደኛውን ወሰዱ። ሁለተኛውን ወሰዱ። ሦስተኛውን ሲያነሱ ኡናይሲ ራሷን መቆጣጠር አቃታት።

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! አትውሰዱት! አፈር አታልብሱት!»

ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ስለ ራቱ የምትናገር መስሏቸው ሴቶቹ ደግፈው ያዟት። «አይዞሽ እናት፣ ዕድሜ ጠግበው ነው» አሏት። ከኋላ አንዷ «የማናት? ድሮ ነገር ነበራቸው እንዴ?» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማች፤ ግን የት ትድረስ፣ ስሟ ቢጠፋ ይጥፋ።

ከወንዶቹ ሽማግሌ የሆነው የሷን ምንጣፍ በአንድ ጠርዙ ይዞ ወደ ላይ ሊያነሳ ሞከረ። ወገቡን ያዘና ቃተተ።

«ይሄስ ድንጋይ ነው። ለክፍፍሉ ይቆይ፤ ከሥሩ ያለውን አምጣ።»

ኡናይሲ ለዚያ ሰው ወገብ እስከ ዛሬ ትጸልያለች።

ከቀብር መልስ ምንጣፉ ለራቱ ታላቅ እህት ለቶሪካ ደረሰ። ቶሪካ ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላቸው፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ዓይናቸው ግን ያላለቀ ባልቴት ናቸው። ኡናይሲ ከቤታቸው ስትደርስ ምንጣፉን አንጥፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠውበት አገኘቻቸው። ደጃፉ ላይ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና በአክብሮት መዳፏን ሦስት ጊዜ አጨበጨበች። ይህን ቃል ከሌላው አፍ ስትሰማ ኖራ ከራሷ አፍ ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነበር።

«እማማ... ኬሬኬሬ። ይቺን ምንጣፍ።»

«የቷን?»

«የተቀመጡባትን።»

ባልቴቷ ምንጣፉን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይቺን የምታወራዋን ነው?»

«ታወራለች እንዴ?»

«ስቀመጥ ‹ኮሽ› ትለኛለች። ዘወር ስል ‹ኮሽ ኮሽ› ትለኛለች። ስንት ዘመን ምንጣፍ ላይ ስቀመጥ እንዲህ ያለች ወሬኛ አልገጠመችኝም።»

የኡናይሲ ጉንጭ ያበጠውም ያላበጠውም ቀላ።

«ለቅሶሽን ሳይ ጠርጥሬ ነበር» አሉ ቶሪካ። «ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ እንዲያ የሚለቀስለት ሰው አልነበረም።»

«እማማ፣ ልንገርዎት፣ ውስጡ ያለው...»

«ተዪው! እንዳትነግሪኝ። ካወቅሁት ኬሬኬሬ ማለቴ አይቀርም።» እየተደገፉ ተነሡና ምንጣፉን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ውሰጂ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። የልጅ ልጆቼ ከኒውዚላንድ የሚልኩልኝን የት የማስቀምጠው ይመስልሻል?»

«ካልጋ ሥር?»

«ባንክ።»

«ባንክ ይበላል እማማ! እኔን በልቶኛል!»

«እንደ አቀማመጥሽ ነው። ዝም ብለሽ ብትጥይው ይበላል። ‹ለሁለት ዓመት ቆልፉልኝ› ብትዪው ግን ጭራሽ ይጨምርልሻል። ደግሞ ዋናው ጭማሪው አይደለም። እኔና አንቺ ሰው እምቢ ማለት አንችልም፤ ይሉኝታ ይዞናል። ባንክ ይሉኝታ አልፈጠረበትም። አባትሽ ከመቃብር ተነሥቶ ቢለምነው፣ ቀኑ ካልደረሰ አይሰጥም። ባንክ ጥሩ ነው አላልኩሽም፤ አይን አውጣ ነው ነው ያልኩሽ። ለኛ የጎደለን ደግሞ እሱ ነው።»

ኡናይሲ ምንጣፉን ጠቅልላ ልትወጣ ስትል ቶሪካ ጠሯት።

«ስፌቱን ስትፈቺው ባዶውን መልሺልኝ። ጠርዙ ደስ ብሎኛል።»

በሳምንቱ ኡናይሲ ገንዘቧን በጆንያ ተሸክማ ፊቷን ስታዞርበት ወደኖረችው ሕንፃ ገባች። መስኮቱ ላይ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ነበረች። ብሩ ሰሌን፣ ሻጋታና ሩዝ ይሸታል፤ መቁጠሪያ ማሽኑ ሁለት ጊዜ አንቆት ተፋው።

«ይቅርታ አክስቴ፣ ይሄ ገንዘብ የት ነበር?»

«ለቅሶ ቤት» አለች ኡናይሲ።

ልጅቷ ያንን ትታ ወረቀት አወጣችና ስለሁለት ዓመቱ ታስረዳት ጀመር። ኡናይሲ አንድ ነገር ሳትጠይቅ ጣቷን ቀለም አታስነካም አለች።

«ተኝቶ ሳለ ትበሉታላችሁ?»

«አንነካውም። ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።»

«የባሌ ወንድም መጥቶ ቢያለቅስስ?»

«ለሱ አይሰጥም።»

«እኔ ራሴ መጥቼ ባለቅስስ?»

ልጅቷ አመነታች። «እርስዎማ... ጭማሪውን ትተው ማውጣት ይችላሉ።»

ኡናይሲ ግራና ቀኝ አየችና በመስኮቱ ተጠጋች። «ይቺን የመጨረሻዋን፣ ልጄ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ናሳሌ ስትደርስ ገንዘብ በጆንያ ይዛ የመሄዷ ወሬ ቀድሟታል። አፒሳይ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ዳገት ላይ ዝናቡ እንዴት ነው?»

«ገንዘቤ ባንክ ነው። ሁለት ዓመት ተቆልፏል።»

አፒሳይ ገና ዓሣው ጋ እንኳ አልደረሰም ነበር።

«ቁልፉስ?»

«ባንኩ ጋ።»

«ባንኩን የሚያውቀው ሰው የለም? የሚለምንልን?»

«የለም።»

«ዘመድ የለውም?»

«አንድም ዘመድ የለውም።»

አፒሳይ ብዙ አሰበ። ከዚያ ከልቡ አዝኖ «ምስኪን» አለ።

ኡናይሲ ያን ቀን ማድ ቤት ገብታ ብቻዋን ሳቀች። ደስ ያላት አፒሳይን ስለመለሰችው ብቻ አልነበረም። ለዓመታት «የለኝም» ስትል የነበረው ውሸት ጉሮሮዋ ላይ ተቀምጦ ኖሮ፣ ዛሬ እውነቱን ተናግራ ወረደላት። ያንጎና ሸጣ ከምታገኘው ጥቂቱን አሁን በጣሳ አድርጋ መደርደሪያ ላይ በግልጽ ታስቀምጣለች፤ የጠየቃት ይወስዳል፣ ሲያልቅ ያልቃል፣ ማንም አይቀየማትም። ባዶውን ምንጣፍ ለቶሪካ ይዛ ስትሄድ አንድ እስር ያንጎና ጨመረችበት፤ ሁለቱ ሴቶች እየበጠበጡ ሲጠጡ ዋሉ።

ሁለት ዓመቱ ሲሞላ አፒሳይ ያንን ዘመድ የሌለውን ፍጡር በዓይኔ ካላየሁ ብሎ፣ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ ባንክ ድረስ ተከተላት። ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማቀዝቀዣው ሦስት ጊዜ ውሃ ቀድቶ ጠጣ፤ ዘበኛውንም ስለ ዝናቡ ጠየቀው። ገንዘቡ በእርግጥም ጨምሮ ተገኘ፤ ጭማሪው ግን የኡናይሲን ሐሳብ የሚያህል አልነበረም። ለጣራ ቆርቆሮና ለሲሚንቶ የሚበቃትን አወጣች፣ የቀረውን መልሳ አስቆለፈች።

ሲመለሱ ባሕሩ መሐል ዝናብ ያዛቸው። ሲሚንቶው እንዳይረጥብ ቆርቆሮውን ከላዩ ከደኑት፤ እነሱም ሥሩ ገቡ። አፒሳይ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ አንገቱን ብቻ አውጥቶ ይነዳል። ኡናይሲ ዝናቡ አዲሱን ቆርቆሮ ሲደበድበው እየሰማች፣ ብሎኬቱን ማን እንደሚገነባላት ነገረችው።

«እኔ?» አለ አፒሳይ።

«ኬሬኬሬ» አለች ኡናይሲ።