«እንደ አስፈላጊነቱ» ያልኩት ጣሪያ

ባለፈው ሳምንት ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች ብርድና ሙቀት እንዲችሉ፣ መብራትና ከሰል እንዲቆጥቡ የሚያስገድድ ረቂቅ የግንባታ ደረጃ ይነበባል። የሚያነበው ልጄ የሚሆን መሐንዲስ ነው። «የጣሪያ ሙቀት መከላከያ» አለ፣ «እንደ አስፈላጊነቱ ይነጠፋል።» ሌላው ሰው ማስታወሻ ሲይዝ እኔ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ያችን ቃል አውቃታለሁ፤ እኔም ጽፌያታለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። በአንድ የዲዛይን ቢሮ የኮንዶሚኒየም የሥራ ዝርዝር እጽፋለሁ። አለቃዬ ጋሽ መኮንን በእጃቸው ጽፈው የሰጡኝ «በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የሙቀት መከላከያ ይነጠፋል» ይላል። ለእኔ አጭር ሆነብኝ፤ የመንግሥት ወረቀት አልመስል አለኝ። ቢሮ ውስጥ ያየሁት ደብዳቤ ሁሉ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ስላለበት እኔም ጣል አደረግኩባት፤ ወጥ ያጣፈጥኩ መስሎኝ። ጋሽ መኮንን ሳያስተውሉ ፈረሙ፤ ወረቀቱም ለተቋራጩ ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የብዕርስ ወለምታ በምን ይታሻል?

ዕጣ መቼም አያዳላም። ሕንጻው ሲያልቅ እናቴ እዚያው ሕንጻ ላይ፣ ሰሚት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር አንድ ክፍል ደረሳት። እኔ ለሥራ እንዲቀርበኝ ኢምፔሪያል አካባቢ ከጓደኛዬ ጋር ተከራይቼ ስለነበር ብቻዋን ገባች። ደረጃ ላይ ያገኘችውን ሁሉ «ልጄ ናት የሠራችው» ትለዋለች። መጋቢት ላይ ቆርቆሮው ሲግል ቀትሩን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታሳልፋለች። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ውርጩ ከላይ ይወርድባታል። አንድ ቀን ወንበር ላይ ቆሜ የኮርኒሱን ጠርዝ ገለጥኩ። ባዶ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ መኮንን ዘንድ ገባሁ።

«ተቋራጩ መከላከያውን ሳያነጥፍ ነው ያስረከበው!»

ወረቀቱን አወጡና መነጽራቸውን አደረጉ። «እንደ አስፈላጊነቱ ነው የሚለው።»

«አስፈላጊ ነዋ፣ ጋሼ!»

«እሱ ደግሞ አላስፈለገም አለ። ይሄን ማን ጻፈው?»

ፊቴን አይተው ወረቀቱን ቀስ ብለው አጠፉት። «እኔም ፈርሜበታለሁ፣ ልጄ» አሉ።

በራሴ ገንዘብ ላስነጥፍላት አናጺ አናግሬ ለቅዳሜ ተቃጠርን። ሐሙስ ማታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። የነቢያት ጾም ስለነበር ሱፍ ፍትፍት አቀረበችልኝ።

«እማዬ፣ እባክሽ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታስገቢ።»

«በረንዳ ላይ አቀጣጥዬ እኮ ነው የማስገባው። ጭሱ ካለቀ ምን ያደርገኛል?» ሳቅ አለች። «ቤቱስ ጥሩ ነው፤ እኔ ነኝ ያረጀሁት።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እማዬ፣ አንቺ አላረጀሽም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ማለት ነበረብኝ። አፈርኩና ፍትፍቴን ጎረስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከአናጺው ጋር በሚኒባስ ሰሚት ደረስን። ሳሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ባንኳኳ መልስ የለም። አናጺው «ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል» አለኝ፤ ጫማዋ ግን ደጃፉ ላይ ነበር። መቀርቀሪያውን በመዶሻው ገነጠለልኝ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል። ማንደጃው አልጋዋ አጠገብ ነው፤ ከሰሉ አመድ ሆኗል። እጇን ብይዘው ቀዝቅዟል። እንዴት እንደ ጮኽኩ አላስታውስም። አናጺው የመከላከያውን ጥቅል እንደ ተሸከመ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ነበር ግን አልረሳም።

ባለፈው ሳምንት አዳራሹ ውስጥ እጄን አወጣሁ።

«ያች ቃል ትውጣልኝ። ‹ይነጠፋል› ብቻ ይበል» አልኩ።

ወጣቱ መሐንዲስ በአክብሮት ፈገግ አለ። «የተለመደች ቃል እኮ ናት፣ እትዬ። ምንም አትጎዳም።»

እናቴን ገድላብኛለች ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው ፊት ማልቀስ ፈራሁና «ትጎዳለች» ብቻ አልኩ። ሰው አንዴ ዝም ካለ፣ ዝምታ ይለምድበታል።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ወደ ቃለ ጉባኤ ያዧ ዞረው «የእትዬ አስተያየት እንደ አስፈላጊነቱ ይካተታል፤ ያዢልን» አሉ። ልጅቷም ጻፈች።

አሁንስ እናገራለሁ ብዬ እጄን እንደገና አወጣሁ። ሰዉ ግን ለሻይ ተነሥቶ ነበር።